ባልዲው 3 ዶላር ነው ላሉሽ እህቴ፦ ሰዓትሽን ጻፊ

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ እንዲህ ነው። «ጎንደር ተወልጄ በ11 ዓመቴ ከቤተሰቦቼ ጋር እስራኤል ገባሁ፣ ውትድርናዬን ጨርሼ በ462 ቪዛ (እየሰሩ ለመጎብኘት የሚሰጠው) አውስትራሊያ መጣሁ። ኩዊንስላንድ ባንዳበርግ ቲማቲም እየለቀምኩ ነው። ባልዲው 3 ዶላር። ትላንት ከጠዋቱ 12 እስከ 9:30 ሰርቼ፣ ለምሳ ግማሽ ሰዓት አርፌ 46 ባልዲ ሞላሁ፣ 138 ዶላር ማለት ነው። ከዛ ላይ ለአልጋ በሳምንት 200 ይቆርጡብኛል። ስጠይቀው ኮንትራክተሩ ‹ሰነፍ ስለሆንሽ ነው፣ ብዙ ካወራሽ ቀንሽን አልፈርምልሽም› አለኝ። ለሁለተኛ ዓመት ቪዛ ደሞ በእርሻ የሰራሁበት ቀን ማረጋገጫ ያስፈልገኛል። ጋሼ ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ መጀመሪያ ሰነፍ የሚለውን ነገር ከጭንቅላትሽ አውጪው። 138ን ለ9 ሰዓት ስናካፍለው በሰዓት 15 ዶላር ከምናምን ነው የሚመጣው፣ ለካዥዋል (ቋሚ ላልሆነ) የእርሻ ሰራተኛ ግን የ25 ፐርሰንቱ ጭማሪ ገብቶበት ዝቅተኛው ክፍያ አሁን ከ30 ዶላር በላይ ነው። ስለዚህ በትላንት ብቻ ከ130 ዶላር በላይ ቀርቶብሻል።

«በቁርጥ (በሞላሽው ባልዲ ልክ) ነው የተስማማነው፣ ፈርመሻል» ይሉሻል፣ አውቃለሁ። ድሮ ይሄ ያስኬዳቸው ነበር፣ ከአፕሪል 28 2022 ወዲህ ግን የእርሻ ሰራተኞች አዋርድ (ዝቅተኛ ክፍያን የሚወስነው ደንብ) ተቀይሯል፣ በባልዲም ክፈሉ በኪሎ፣ የቀኑ ድምር ከሰዓት ክፍያው ካነሰ ልዩነቱን መሙላት ግዴታቸው ነው። ያንቺ ፊርማ ይሄን አይሽረውም። ሌላም አለ። የባልዲው ዋጋ ራሱ ሲወጣ፣ ስራውን የለመደ ሰው (76 ሰዓት የሰራ ማለት ነው) በአማካይ ፍጥነቱ ከሰዓት ክፍያው ቢያንስ 15 ፐርሰንት በላይ እንዲያገኝ ተደርጎ ነው መውጣት ያለበት። እንግዲህ 3 ዶላር ባልዲ ላይ ይሄን ለማግኘት በሰዓት ከ11 ባልዲ በላይ መሙላት ሊኖርብሽ ነው። አንቺ ራስሽ በኢሜይልሽ «እዚህ ሁለት ሲዝን የሰራው ልጅ እንኳ ከ8 አያልፍም» ብለሻል። ታዲያ ሰነፉ ማነው?

አሁን ዋናው ነገር ሰዓት ነው። እነሱ ባልዲ ብቻ ነው የሚቆጥሩት፣ ባልዲ ስትሞሉ የምትበሱት ካርድ ላይም ሰዓት የለም፣ ሆን ተብሎ ይመስለኛል። በቁርጥ ለሚሰራም ቢሆን አሰሪው ሰዓት መመዝገብ አለበት፣ ፔይስሊፕም (የደሞዝ ዝርዝር ወረቀት) ከተከፈለሽ በአንድ የስራ ቀን ውስጥ መስጠት አለበት፣ ሪከርድ ከሌለው ደግሞ ክስ ሲመጣ «እንዲህ አልሰራችም» ብሎ ማስረዳት የሱ ጣጣ ይሆናል። አንቺ ማታ ማታ ስልክሽ ላይ ጻፊ፣ የገባሽበት፣ የወጣሽበት፣ የትኛው ማሳ፣ ስንት ባልዲ። ግን ከ12 እስከ 9:30 ብለሽ በሀበሻ አቆጣጠር እንዳትጽፊ፣ እኔ ገብቶኛል፣ ፌር ወርክ (የሰራተኛ መብት የሚያስከብረው መስሪያ ቤት) ያለው ሰውዬ ግን የሌሊት ፈረቃ ነው የሚመስለው 😅 6:00 እስከ 15:30 በይ። «ነገ 5:30 ቫኑ ጋ» እያለ በዋትሳፕ የሚልክልሽን ሁሉ ስክሪንሾት አድርጊ።

የአልጋው 200 ደሞ፣ አንቺ በጽሁፍ ፈቅደሽ፣ ላንቺ ጥቅም ሆኖ፣ ዋጋውም ምክንያታዊ ካልሆነ ከደሞዝ መቁረጥ አይችልም። ስንት ሰው አንድ ክፍል ውስጥ እንደምትተኙ አልነገርሽኝም፣ ጻፊልኝ።

ስለ ቀኑ ፊርማ አትፍሪ። ማስረጃው የሱ ፊርማ ብቻ አይደለም፣ ፔይስሊፕና የባንክ ስቴትመንትም ማስረጃ ነው፣ እንደውም በህጉ መሰረት ያልተከፈለበት ስራ ራሱ ላይቆጠርልሽ ስለሚችል ዝም ማለቱ ነው የሚጎዳሽ። ቪዛን ማስፈራሪያ አድርጎ ሰውን አስገድዶ ማሰራት ከጁላይ 1 2024 ጀምሮ ወንጀል ነው፣ ሆን ብሎ ደሞዝ ማጉደልም ከጃንዋሪ 1 2025 ወዲህ እንደዛው። ለፌር ወርክ ኦምቡድስማን ብታመለክቺ ቪዛዬ ይሰረዛል ብለሽም አትጨነቂ፣ ለዚህ የተቀመጠ የቪዛ ጥበቃ አለ፣ ሌላ ጥፋት ከሌለብሽና የቪዛሽን ግዴታ ካከበርሽ ባጠቃላይ አይሰርዙብሽም። ስልኩ 13 13 94 ነው፣ በአማርኛ ማውራት ከፈለግሽ በ131 450 አስተርጓሚ ይዘሽ ትደውያለሽ። ያልተከፈለሽን እስከ 6 ዓመት ወደኋላ መጠየቅ ይቻላል፣ ስለዚህ እርሻውን ለቀሽ ብትሄጂም ገንዘቡ አይቀልጥም።

ኩዊንስላንድ ውስጥ ሰራተኛ የሚያቀርብ ኮንትራክተር ላይሰንስ ሊኖረው ይገባል፣ ስሙን ኦንላይን መዝገቡ ላይ ፈልጊው፣ ከሌለ እሱም እሱን የቀጠረው ገበሬም ይጠየቃሉ። ኤቢኤን (የነጋዴ መለያ ቁጥር) አውጪ ካለሽ ደግሞ እንቢ በይ፣ በሱ ቫን ሄደሽ በሱ ትእዛዝ እየለቀምሽ «የግል ነጋዴ» ልትሆኚ አትችይም።

(ከአዲስ አበባ ለምትጽፉልኝ፣ ይሄ ቪዛ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት የለም። እናስወጣለን የሚላችሁ ወኪል ካለ ብራችሁን ያዙ።)

እህቴ፣ የፈረምሽውን ወረቀት ሁለቱንም ገጽ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ የዚህን ሳምንት ካርድም እንዳትመልሺለት፣ መመለስ ግድ ከሆነም መጀመሪያ ፎቶ።