ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የጠበቅኩትን ሰውነት አላገኘሁም

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዓምዱ አዘጋጆች፣ የምኖረው ድሬዳዋ ከዚራ ሲሆን የ39 ዓመት ሴትና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ክብደቴ 118 ኪሎ በደረሰበት ወቅት የስኳር ሕመም ደጃፍ ላይ መሆኔ ስለተነገረኝ፣ አመጋገቤን አስተካክዬና ማለዳ ማለዳ በእግሬ እየተጓዝኩ ወደ 74 ኪሎ ወረድኩ። ውፍረቱ ሲሄድ ግን የሆዴ ቆዳ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ በድሬ ሙቀት ከእጥፋቱ ሥር እያላበኝ ይቆስልብኝ ስለነበር ከአገር ውጭ ሄጄ በቀዶ ሕክምና አስወገድኩት። አሁን ስምንት ወር ሆኖኛል። የተንጠለጠለው ቆዳ መነሳቱን አልክድም፤ ነገር ግን ስፌቱ በግራ በኩል ከፍ ብሎ ጠጥሯል፣ ያሳክከኛልም። በሁለቱም ዳሌዎቼ ላይ፣ ስፌቱ በሚያልቅበት ቦታ፣ ጉብ ያለ ነገር ቀርቷል። ከእምብርቴ በላይ ያለው ቆዳም ስቀመጥ ይሸበሸባል። ድሪያ ስለብስ አይታወቅም፤ ጉርድና ሸሚዝ ያደረግኩ ቀን ግን የዳሌዬ ጉብታ ያሳቅቀኛል። ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ ሌላ 7 ኪሎ ቀንሻለሁ። ለሐኪሙ ፎቶግራፍ ብልክለት «በጣም ጥሩ ነው፣ ታገሺ» ብቻ ብሎ መለሰልኝ፤ ቤተሰቦቼም «ተመስገን በይ እንጂ ምን ጎደለሽ» ይሉኛል። ያጠራቀምኩት ገንዘብ ሁሉ ያለቀው እዚህ ላይ ነው። ስህተት ተሠርቶብኝ ነው ወይስ እኔ ከልክ በላይ ጠብቄ ነው? በድጋሚ ልሠራው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ድሬዎች አንቱታ እንደማትወዱ ብናውቅም የዓምዱ ልማድ ነውና «እርስዎ» እያልን እንቀጥላለን። ቤተሰቦችዎ ክፉ አስበው ባይሆንም፣ ለጤናዎ ማመስገንዎና በውጤቱ ቅር መሰኘትዎ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ከላኩልን ዝርዝር እንደተረዳነው ቅሬታዎ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን የያዘ ነው፤ ሦስቱም መነሻቸው ስለሚለያይ መፍትሔያቸውም አንድ አይደለም። የሐኪሙ «ታገሺ» የሚለው ምላሽ ከሦስቱ ለአንዱ ያውም በከፊል ይሠራል፤ ለቀሩት ግን ምላሽ ሊባል አይችልም።

ከእምብርት በላይ ከቀረው ቆዳ እንጀምር። ለብዙ ዓመታት የተወጠረ ቆዳ ውስጡ ያሉት የመለጠጥና የመሰብሰብ አቅም የሚሰጡት ክሮች ስለሚጎዱ፣ ውፍረቱ ሲቀንስ ወደ ቦታው አይመለስም፤ የሚተርፈውም ከላይ ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ከጎን ወደ ጎንም ጭምር ነው። የተለመደው የሆድ ቆዳ ቀዶ ሕክምና ከዳሌ እስከ ዳሌ በአግድም ተቆርጦ የላይኛው ቆዳ ወደ ታች የሚሳብበት በመሆኑ፣ የሚያጠብቀው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ሰፊ ቀሚስን ከጫፉ ብቻ ቢያሳጥሩት ወገቡ እንደማይጠብ ማለት ነው። በወርድ የተረፈውን ለመቀነስ ሆድን መሐል ለመሐል ከላይ ወደ ታች መቁረጥ ያስፈልጋል፤ ይህ ደግሞ እንደ አግድሙ በውስጥ ሱሪ የማይሸፈን፣ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ጠባሳ ይተዋል። ስለዚህ ሐኪምዎ አግድሙን ብቻ መምረጡ በራሱ ጥፋት ላይሆን ይችላል። ጥፋት የሚሆነው ሁለቱን አማራጮች፣ ከነጠባሳቸው፣ አስቀድሞ ሳያስረዳዎት ቀርቶ ከሆነ ነው፤ በእኛ አመለካከት የብዙ ሰዎች ቅሬታ የሚወለደው ከቢላው ሳይሆን ቀድሞ ሊደረግ ከሚገባው ከዚህ ንግግር መጉደል ነው። በተጨማሪም የቀነሱት 7 ኪሎ የራሱን ድርሻ አበርክቷል፤ ክብደት በወረደ ቁጥር የተወጠረው ቆዳ እንደገና ይላላል። ሲቀመጡ የሚታየው እጥፋት ደግሞ ቀጭን በሆኑት ላይም የሚታይ ስለሆነ፣ መመዘን ያለበት ቆመው ሳለ በሚታየው ነው።

በዳሌዎችዎ ላይ የቀረውን ጉብታ የቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች «ዶግ ኢር» (የውሻ ጆሮ) ይሉታል። ብዙ ክብደት የቀነሰ ሰው ትርፍ ቆዳ ሆድ ላይ ሳያቆም ወደ ጀርባ ስለሚዞር፣ ቁርጡ ዳሌ ላይ ሲያበቃ የቀረው ቆዳ ስፌቱ ጫፍ ላይ ተሰብስቦ ይቆማል። በመጀመሪያዎቹ ወራት እብጠቱ ሲጎድል ትንሹ ጉብታ ሊሰክን ይችላል፤ በስምንተኛው ወር ላይ ጎልቶ የሚታይ ከሆነ ግን በትዕግሥት ይጠፋል ብለን አናጽናናዎትም። መልካሙ ነገር፣ ከሦስቱ ቅሬታዎችዎ ለማስተካከል የሚቀለው ይኸው መሆኑ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ቦታውን ብቻ በማደንዘዝ፣ ስፌቱን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ በማርዘም ይወገዳል። ነገር ግን ጉብታው ሲያስሉ ወይም ከባድ ነገር ሲያነሱ የሚገፋ ከሆነ የሆድ ግድግዳ መላላት ወይም ቡዓ ሊሆን ስለሚችል፣ ለዚህ ሩቅ መጓዝ ሳያስፈልግዎ እዚያው ድል ጮራ ወይም ሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታል በቀዶ ሐኪም ይታዩ።

ስፌቱን በተመለከተ፣ ጠባሳ እስኪበስል ከ12 እስከ 18 ወራት ይፈጅበታል፤ ቀለሙም ሆነ ጥንካሬው በዚህ ጊዜ ውስጥ እየለዘበ ይሄዳልና የሐኪሙ ምክር እውነት ያለበት እዚህ ላይ ነው። ሆኖም የሚያሳክክና ከፍ ያለ ጠባሳ እጅን አጣጥፎ አይጠበቅም። ጥቁር ቆዳ ያለን ሰዎች ለዚህ ችግር ይበልጥ የተጋለጥን ነን። እብጠቱ በስፌቱ ወሰን ውስጥ ከቆመ በጊዜና በሕክምና የሚለዝብ ዓይነት ነው፤ ወሰኑን አልፎ ጤነኛው ቆዳ ላይ ከተስፋፋ ግን ኬሎይድ ነውና፣ ቆርጦ ማውጣት ብቻውን አብሶ ሊመልሰው ይችላል። የቆዳ ሐኪም በየአራትና ስድስት ሳምንቱ ጠባሳው ውስጥ የሚወጋው የስቴሮይድ መርፌ ይረዳል፤ የሲሊኮን ልጣፍም እንዲሁ፣ በድሬ ቀን ሙቀት ግን ከሥሩ ላብ ስለሚያቁር በማታ ማድረጉና ጠዋት ቦታውን አጥቦ ማድረቁ ይሻላል። ሎሚና ፌጦ እንዲቀቡ የሚመክርዎ ሰው አይጠፋም፤ የተቆጣን ቆዳ የባሰ ያስቆጣሉና አይሞክሩት።

በድጋሚ ልሠራው ወይ ላሉት፣ አሁን አይደለም። ጠባሳው ቢያንስ አንድ ዓመት ይሙላው፤ ክብደትዎም ከስድስት ወር ላላነሰ ጊዜ ሳይወጣና ሳይወርድ ይቆይ፤ የስድስት ወሩ ቆጠራ የሚጀምረው መቀነስዎን ካቆሙበት ቀን ነው። በዚህ መሐል የደምዎን መጠንና የብረት ክምችትዎን ያስመርምሩ። በርጫ ላይ የሚቀመጡ ከሆነ ጫት የምግብ ፍላጎትን ስለሚዘጋ ራትዎን እየዘለሉ እንዳይከርሙ፤ ቁስል የሚድነው በእንቁላል፣ በሥጋ፣ በሽሮና በምስር በሚገኘው ፕሮቲን ነው። ሲጋራና ሺሻ ደግሞ የቆዳን የደም ሥር ስለሚያጠቡ ስፌት ጫፉ እንዲሞትና እንዲከፈት ያደርጋሉ፤ ከቀዶ ሕክምና በፊት ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብሎ መተው ግድ ነው።

ጊዜው ሲደርስ የእኛ አስተያየት የዳሌውን ጉብታ ብቻ ማስነሳት ነው። ይህን አዲስ አበባ ያሉ የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪሞች ሊሠሩት ስለሚችሉ፣ እንደገና ከአገር መውጣትና ከቀዶ ሕክምና በኋላ በረጅም በረራ የሚመጣውን የደም መርጋት አደጋ መጋፈጥ አያስፈልግዎትም። ከእምብርት በላይ ያለውን ግን መሐል ሆድዎ ላይ የሚወርደውን ጠባሳ ከልብዎ ካልተቀበሉት በስተቀር ባይነኩት እንመርጣለን። ስለ ሰውነትዎ ማሰብ እንቅልፍ የሚነሳዎት፣ ከሠርግና ከዘመድ ቤት የሚያስቀርዎት ከሆነ ደግሞ አስቀድመው የሥነ ልቦና ባለሙያ ያነጋግሩ፤ ብዙ ኪሎ የቀነሰ ሰው አእምሮ አዲሱን ሰውነት ለመቀበል ከመስታወቱ ዘግይቶ እንደሚደርስ የታወቀ ነው።

ለመጀመሪያው ሐኪምዎም ዛሬውኑ ይጻፉ። ከፊት፣ ከሁለቱም ጎንና ከኋላ ቆመው የተነሱትን ፎቶግራፍ አያይዘው፣ ምን ዓይነት ቁርጥ እንደተደረገ፣ የሆድ ጡንቻ ተሰፍቶ እንደሆነና ምን ያህል ቆዳ እንደተነሳ የሚገልጸውን የቀዶ ሕክምና ሪፖርት ይጠይቁ፤ ሪፖርቱ የእርስዎ ስለሆነ ልመና አይደለም፣ ቀጣዩም ሐኪም ያለ እርሱ በግምት ይሠራል። «ማስተካከያውን በነፃ እሠራልሻለሁ» ቢልዎት፣ ነፃው የእርሱ የሙያ ክፍያ ብቻ ሊሆን ስለሚችል የማደንዘዣው፣ የቀዶ ክፍሉ፣ የመድኃኒቱና የአልጋው ወጪ በማን ላይ እንደሚወድቅ በጽሑፍ እንዲያሳውቅዎ ያድርጉ፤ ያ ጽሑፍ ሳይደርስዎ ቀብድ አይክፈሉ፣ የአውሮፕላን ትኬትም አይቁረጡ።