ብስክሌት ቤታችሁ ለምትገጣጥሙ ልጆች

ውድ ልጆቼ፣

ጽጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. ክረምት በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኖ ካየነው ወዲህ፣ «ጋሼ፣ እኔም የእሽቅድድም ብስክሌት ቤቴ ልገጣጥም» የሚለኝ ወጣት አላጣሁም። ደስ ይለኛል። አዲሱ ዋጋው አይቀመስም። አንዱ ቴላዮውን (የብስክሌቱን ዋና አጽም) ከውጭ በዘመድ ሻንጣ ያስመጣል፣ ሌላው አሮጌ ገዝቶ ዕቃ ይነቅላል። እጅ የሚፈታው እንዲህ ነው።

ግን ስትጀምሩ አያችኋለሁ። መጀመሪያ የምትገዙት የሚያብረቀርቅ ማርሽ ነው። ካሊፐር (ሚሊ ሜትር የሚለካ መሣሪያ) የያዘ የለም! እባካችሁ፣ ከመግዛታችሁ በፊት ለኩ።

ከፔዳሉ አክስል ጀምሩ። አክስሉ የሚያልፍበት የቴላዮ ቱቦ ውስጡ የብሎን ጥርስ ያለው ከሆነ ስፋቱን ለኩ። 68 ሚሊ ሜትር ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የእንግሊዝ ዓይነት ጥርስ ነው፤ 70 ከሆነ የጣሊያን። የእንግሊዙ የቀኝ ኩሽኔታ ጥርሱ ግልብጥ ነው፤ የሚፈታው ወደ ቀኝ ሲዞር ነው። የጣሊያኑ ግን በሁለቱም ወገን እንደ ተራ ብሎን ነው፤ የቀኙ በመንዳት ብዛት መላላት ስለሚወድ ጠበቅ አድርጉት። አንድ ልጅ መፍቻው ላይ ቧንቧ ሰክቶ ከጓደኛው ጋር ሲታገል ደርሼ አውቃለሁ። የእንግሊዝ ቴላዮ ነው። ሁለቱም በላብ ተጠምቀው የቀኙን ወደ ግራ ይገፋሉ፤ ለካ እያጠበቁት ነው። በተቃራኒው ስናዞረው ቋ ብሎ ለቀቀ።

አዲሱን ስታስገቡ ግራሶ ቀቡና መጀመሪያ በጣት ብቻ ሁለት ሦስት ዙር አዙሩ። በጣት አልሄድ ካለ ጥርሱን ስቷል፤ አውጡትና እንደገና ሞክሩ። በመፍቻ ካስገደዳችሁት መግባቱ አይቀርም፣ ቴላዮው ግን አለቀለት። የግራ ፔዳልም ጥርሱ ግልብጥ መሆኑን አትርሱ።

የኋላ ቸርኬም መሃሉ ቴላዮው ውስጥ የሚገባበት ስፋት ይለካል። ቸርኬውን የሚጨብጥ ፍሬን ያላቸው በአብዛኛው 130፣ የዛሬዎቹ ባለዲስኮች 142 ሚሊ ሜትር ናቸው። የካርቦን ወይም የአሉሚኒየም ቴላዮን በጉልበት ከፍቶ ማስገባት የለም።

መሪው ላይ ብዙዎች የሚስቱት ቅደም ተከተሉን ነው። ከላይ ያለው የክዳን ብሎን መሪውን አይዝም፤ ሥራው የኩሽኔታውን ልቅነት መውሰድ ብቻ ነው። መሪውን የሚይዙትን የጎን ብሎኖች አላሉና ክዳኑን ቀስ እያላችሁ አጥብቁ። የፊት ፍሬን ይዛችሁ ብስክሌቱን ወደፊትና ወደኋላ ወዝውዙ፤ በሌላ እጃችሁ መሪው ከቴላዮው የሚጋጠምበትን ዳብሱ። ጣታችሁ ላይ ኳ ካለ ገና ነው። መሪው ሲዞር ከከበደ ደግሞ አብዝታችኋል። ሲስተካከል የጎኖቹን እያፈራረቃችሁ አጥብቁ። ብዙዎቹ ላይ 5 ኒውተን ሜትር ተጽፎባቸዋል። ቶርክ መፍቻ (የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ መፍቻ) ተበድራችሁም ቢሆን ተጠቀሙ። ካርቦን ላይ «በእጄ አውቀዋለሁ» አይሠራም።

ሌላው የሽቦ ሽፋን ነው። የማርሹን ሽፋን ለፍሬን አትጠቀሙ! ውስጡ ያሉት ክሮች ቀጥ ያሉ ስለሆኑ ፍሬን በኃይል ሲያዝ ሊተረተር ይችላል። የፍሬኑ ሽፋን ግን ተጠምጥሞ የተሠራ ነው።

ግራም የምትቆጥሩትንም አውቃችኋለሁ። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ለውድድር ከ6.8 ኪሎ በታች አይፈቅድም። እናንተ በጎማ ላይ ሳይሆን በቲታኒየም ብሎን ላይ ገንዘብ ስታፈሱ ይገርመኛል።

ገጣጥማችሁ እንደጨረሳችሁ ወደ እንጦጦ አትሩጡ፤ ሰፈር ውስጥ ዙሩ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሽቦው ቦታውን ሲይዝ ትንሽ ይላላል፤ ማርሹም መዝለል ይጀምራል። ያኔ ተበላሸ ብላችሁ ሁሉንም አትፍቱት። ማርሹ አጠገብ ያለችውን የሽቦ ማስተካከያ ግማሽ ዙር ወደ ግራ አዙሩና ሞክሩት።