ቀለም መቀየር በሲቪ ላይ ይጻፋል ወይ?

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽ ከነሥዕሉ ደርሶኛል። በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የኤሌክትሮኒክስ ሠልጣኝ እንደሆንሽ፣ ደረጃ 4ን በዚህ ዓመት እንደምታጠናቅቂና ለሲኦሲ ምዘና እየተዘጋጀሽ መሆኑን ገልጸሽልኛል። በወርክሾፕ በሠራሽው፣ ከ0 እስከ 9 በሚቆጥረው ሰሌዳ ላይ የነበረውን ቀይ ማሳያ ነቅለሽ ሰማያዊ ተከልሽበት፤ ያየው ሁሉ ስለወደደው ደግሞ የአጎትሽን ሚኒባስ የዳሽቦርድ መብራት ከአረንጓዴ ወደ ነጭ ቀየርሽ። አሁን የምትጠይቂኝ ሁለት ነገር ነው፤ ይህን በሲቪዬ ላይ ብጽፈው ቀጣሪ ይስቅብኛል ወይ? የዳሽቦርድ ቀለም የምቀይርበት ትንሽ ሱቅ ብከፍትስ ያዋጣኛል?

ወደ ጥያቄዎችሽ ከመግባቴ በፊት፣ በደብዳቤሽ መጨረሻ እንደ ዋዛ ጣል ያደረግሻትን አንዲት ዓረፍተ ነገር ላንሣ። «ሰማያዊው ያምራል፤ ግን 1 ሲያሳይ ደመቅ፣ 8 ሲያሳይ ፈዘዝ ይላል» ብለሻል። እኔ ቀጣሪሽ ብሆን ከቀለሙ ይልቅ ስለዚህች ነገር እጠይቅሽ ነበር፤ ቀለም መቀየር ማንም በግማሽ ቀን የሚለምደው ነገር ሲሆን፣ ብርሃኑ ለምን እንደፈዘዘ ማስረዳት ግን ቴክኒሽያንን ከሌላው የሚለይ ነውና።

በሥዕሉ ላይ እንዳየሁት፣ ቀዩ ማሳያ በነበረበት ጊዜ ቁጥሩን ለሚሠሩት ሰባት የብርሃን ሰረዞች ሰባት ሬዚስተሮች (ከረንት የሚገድቡ ክፍሎች) ነበሩ። ሰማያዊውን ስትተክዪ ግን፣ ምናልባት መበየዱ አድክሞሽ ይሆናል፣ ሰባቱን አንሥተሽ ሰባቱም ሰረዞች በሚገናኙበት በጋራ እግሩ ላይ አንድ ባለ 220 ኦም ሬዚስተር ብቻ አስገብተሻል። በዚህ የተነሣ ሁለት ነገሮች ባንድ ላይ ደረሱብሽ። የመጀመሪያው የቀለሙ ጉዳይ ነው። እያንዳንዱ ሰረዝ ኤልኢዲ የሚባል፣ ከረንት ሲያልፍበት የሚያበራ ትንሽ ሴሚኮንዳክተር ነው። ቀይ ኤልኢዲ ሲበራ ወደ 2 ቮልት የሚወስድ ሲሆን ሰማያዊው ግን ከ3 ይበልጣል፤ 3.2 እንበል። ሰሌዳሽ በ5 ቮልት ስለሚሠራ፣ ሰረዞቹን የሚያበራውና የሚያጠፋው ቺፕ (አይሲ) የሚወስደውን ትንሽ ድርሻ ለጊዜው ብንተወው፣ ለሬዚስተሩ የሚተርፈው በቀዩ 3 ቮልት፣ በሰማያዊው 1.8 ቮልት ነው። ይህን ለ220 ስታካፍዪው ቀዩ ወደ 13.6 ሚሊአምፔር ሲያገኝ ሰማያዊው 8.2 ገደማ ብቻ ያገኛል ማለት ነው። ሁለተኛው የአንዱ ሬዚስተር ጉዳይ ነው። ቁጥር 1 የሚበራው በሁለት ሰረዞች ስለሆነ ያንን 8.2 ለሁለት ይካፈሉታል፤ ለእያንዳንዳቸው 4 ያህል ይደርሳቸዋል። ቁጥር 8 ግን ሰባቱንም ስለሚያበራ ለአንዱ ሰረዝ የሚደርሰው ከ1 ሚሊአምፔር ብዙም አይበልጥም። በቴስተር ስትለኪው ከዚህ ስሌት ትንሽ ፈቀቅ ማለቱ አይቀርም፤ አካሄዱ ግን ይኸው ነው።

መፍትሔውም ሰባቱን ሬዚስተሮች ወደ ቦታቸው መመለስ ነው። በመጀመሪያ በ220 ሞክሪው፤ የዛሬ ሰማያዊ ኤልኢዲዎች በትንሽ ከረንትም ስለሚደምቁ ሊበቃሽ ይችላል። ካልበቃሽ ወደ 150 ዝቅ አድርጊው። ሌላ ማሳያ በተካሽ ቁጥር ደግሞ የጋራ እግሩ ፖዘቲቭ ይሁን ኔጋቲቭ አስቀድመሽ አረጋግጪ፤ በመልክ አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት ማሳያዎች በዚህ ሊለያዩ ይችላሉ።

ቃለ መጠይቅ ላይ ስትቀርቢ የሚከተለውንም ብታውቂው ደስ ይለኛል። ማሳያ ሁሉ ቀለሙ የሚቀየረው በአንድ መንገድ አይደለም፤ ብርሃኑ ከየት እንደሚወጣ ማወቅ ይቀድማል። በኤልኢዲ ላይ ቀለሙ የሚወሰነው በራሱ በሴሚኮንዳክተሩ ስለሆነ፣ በቀይ ማሳያ ላይ ሰማያዊ ላስቲክ ብትለጥፊበት ጨለማ ብቻ ነው የምታገኚው። የድሮ ሰዓቶችና ካልኩሌተሮች ቀይ ወይም አረንጓዴ የነበሩትም ባለቤቱ ቀዩን ስለወደደ አልነበረም፤ ደማቅ ሰማያዊ ኤልኢዲ የተገኘው በ1990ዎቹ መጀመሪያ (እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር) ሲሆን፣ ሥራው ለተመራማሪዎቹ ለአካሳኪ፣ ለአማኖና ለናካሙራ በዚያው አቆጣጠር የ2014ን የፊዚክስ ኖቤል አስገኝቷል። ኤልሲዲ (የፈሳሽ ክሪስታል ማሳያ) ደግሞ ከናካቴው የራሱ ብርሃን የለውም፤ ከኋላው ያለውን ብርሃን ይከልላል ወይም ያሳልፋል። ስለዚህ በእሱ ላይ ቀለም መቀየር ማለት የኋላውን ኤልኢዲ መቀየር ነው። የኋላ ብርሃኑ ነጭ ከሆነ ባለቀለም ስስ ላስቲክ ብቻውን ይበቃል፤ ቢጫ አረንጓዴ ከሆነ ግን በውስጡ ሰማያዊ ስለሌለ ላስቲኩ የሚያሳልፈው ነገር አያገኝም። በቆዩ የመኪና ቴፖች ላይ የምናየው ያ ሰማያዊ አረንጓዴ ፍካት ፎስፈር ከሚባል የሚያበራ ንጥረ ነገር የሚወጣ ነው። ፎስፈሩ ሰፋ ያሉ ቀለሞችን ስለሚያመነጭ በአረንጓዴ ላስቲክ ጥርት ያለ አረንጓዴ ይወጣዋል፤ ቀይ ቢደረግበት ግን ጭል ጭል ከማለት አያልፍም።

እንግዲህ ወደ ሲቪው እንምጣ። «የዲስፕሌይ ቀለም እቀይራለሁ» ብለሽ ከጻፍሽ እውነትም ሊሳቅብሽ ይችላል። «የሰባት ሰግመንት (ሰረዝ) ማሳያን ከቀይ ወደ ሰማያዊ በመለወጥ የሬዚስተር ዋጋ አስልቻለሁ፤ የታየውን የብርሃን መበላለጥ መንስኤ ለይቼ አርሜያለሁ» ብትዪ ግን የጻፍሽው ያንኑ ሥራ ሆኖ ሳለ ጠያቂው «መንስኤው ምን ነበር?» ማለቱ አይቀርም፤ ያን ጊዜ መልሱ በእጅሽ ነው። ሊፍት ለሚጠግኑ፣ የባንክ የምንዛሪ ሰሌዳና የወረፋ ቁጥር ማሳያ ለሚገጥሙ ድርጅቶች ስታመለክቺ ይህን መስመር ወደ ላይ አውጪው። የስልክ ጥገና ከሆነ ወደ ታች ቢወርድም ግድ የለም።

ስለ ሱቁ ግን እንደ ታላቅ ወንድም በግልጽ ልንገርሽ፤ አልመክርሽም። በቆዩት የጃፓን መኪኖች ዳሽቦርድ ላይ አረንጓዴው ቀለም ብዙ ጊዜ አምፖሉ ላይ የተሸፈነች ትንሽ ላስቲክ ናት፤ እሷን መንቀል ወይም አምፖሉን በኤልኢዲ መተካት የአንድ ከሰዓት ትምህርት ነው። ዛሬ አንቺ የሠራሽውን ነገ ጎረቤትሽ ይሠራዋል፤ ደንበኛውም አንዴ ካስቀየረ ተመልሶ አይመጣም። ከሥራ ሰዓት ውጭ ለኪስ ገንዘብ ብትሠሪው አልቃወምም፤ ግን የማስጠንቀቂያ መብራቶችን አትንኪ። ቀዩ ቁም፣ ቢጫው ተጠንቀቅ፣ ሰማያዊው ረጅም መብራት በርቷል የሚል ቋንቋ ነው፤ ለውበት ተብሎ ሁሉም ነጭ ሲደረግ ሾፌሩ የሚያነበው ያጣል።

ይህን የምልሽ ራሴ ስለተሳሳትሁ ነው። ወደ ምክር ሥራ ከመግባቴ በፊት ጥገና ቤት ስሠራ የአንድ ደንበኛ መኪና ዳሽቦርድ አምፖሎችን በሙሉ፣ የባትሪዋን ምልክት ጭምር፣ በኤልኢዲ ቀየርኋቸው። ባለመኪናው አመስግኖ ሄደ፤ በሦስተኛው ቀን በገመድ ተጎትቶ መጣ። በዚያ መኪና ላይ ዲናሞው ማመንጨት የሚጀምረው በባትሪ ምልክቷ አምፖል ውስጥ በሚያልፈው ከረንት ነበር፤ ኤልኢዲው የሚያሳልፈው እጅግ ትንሽ ስለሆነ ዲናሞው ሳይነሣ ቀርቶ ባትሪው አለቀ። አሮጌውን አምፖል ብመልሰው ሁሉም ተስተካከለ፤ የእጅ ዋጋውን ግን ለደንበኛው መለስሁ። በአጎትሽ ሚኒባስ ላይ ያችን አምፖል ቀይረሻት እንደሆነ ዛሬውኑ ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ጫፍ ላይ ቴስተር አድርጊ። 14 ቮልት ገደማ ካነበበ ዲናሞው ይሠራል፤ 12.5 አካባቢ ከቆመ ወይም እየወረደ ከሄደ አምፖሏን መልሺ።

ከምዘናው በፊት ሰሌዳሽን አርሚና 1 እና 8 ሲያሳይ ፎቶ አንሺው፤ አሁን ያለበትን ሁኔታ ግን ሳታርሚው አስቀድመሽ አንሺ። ለቀጣሪው አራቱንም ፎቶዎች፣ ከእያንዳንዱ ሥር በቴስተር ያገኘሽውን ልኬት ጽፈሽ፣ በአንድ ገጽ ታቀርቢያቸዋለሽ።