ጥያቄና መልስ፦ ስትታጠፍ «ቀጭ ቀጭ» የምትል መኪና

ሰላም ጀማዓ። እንደተባባልነው ዛሬ ስለ ሲቪ ጆይንት፣ ማለትም ከካምቢዮ ወደ ፊት ጎማ ጉልበት የሚያደርሰው ሻፍት ጫፍ ላይ ስላለው መገጣጠሚያ፣ እና ስለሚሸፍነው ላስቲክ ጠይቁኝ። ደሴ ላይ የትንንሽ መኪና የፊት እግር ስፈታ ስገጥም ነው የምውለው። አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል፦ በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ስር ማንም እንዳይገባ። ድጋፍ አድርጉ።

ባለ ቪትዟ፣ ከሮቢት፦ ጋሼ፣ መሪውን እስከ መጨረሻ ጠምዝዤ ከግቢ ስወጣ ከፊት ቀጭ ቀጭ ይላል። ቀጥ ብዬ ስነዳ ምንም የለም። ምን ይሆን?

መልስ፦ ተባረኪ፣ ጥያቄ እንዲህ ነው። መቼ እንደሚጮህም ከየት እንደሚጮህም ነገርሽኝ። የውጩ ሲቪ ጆይንት ነው፣ ጎማው ጋ ያለው። ውስጡ አብዛኛውን ጊዜ ስድስት የብረት ኳሶች አሉ። እያንዳንዱ በራሱ ቦይ ይሄዳል። ጎማው ታጥፎም ጉልበት ሳይቆራረጥ የሚደርሰው በነሱ ነው። ቦዩ ሲበላ ኳሱ ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል፣ ይወጣል። የምትሰሚው እሱን ነው።

ሰፊ ሜዳ ፈልጊና በቀስታ ክብ ዙሪ። ወደ ቀኝ ስትዞሪ ከባሰ ብዙ ጊዜ የግራው ነው፣ ወደ ግራ ከባሰ የቀኙ። ከዚያ አቁሚና መሪውን እንደጠመዘዝሽው ከጎማው ጀርባ በስልክሽ መብራት እዪ። እንደ አኮርዲዮን የተሸበሸበ ጥቁር ላስቲክ አለ። ተቀዶ ከሆነ የቸርኬው ውስጠኛ ጎን ላይ ጥቁር ግሪስ ተረጭቶ ታገኛለሽ። ሌላ ምስክር አያስፈልግም።

ከኮምቦልቻ፦ ላስቲኩ ተቀዷል፣ ግን ድምፅ የለም። ይቆየኝ?

መልስ፦ አይቆይም! ለዚች ጥያቄ ነው ዛሬ የመጣሁት። ድምፅ ሳይመጣ ካያችሁት የምትቀይሩት ላስቲክና ግሪስ ነው። ድምፅ ከመጣ በኋላ ጆይንቱን ራሱን ትገዛላችሁ። ባለፈው ክረምት በወረኢሉ መንገድ የምትመላለስ አንዲት ኮሮላ መጣችልኝ። ላስቲኩ የተቀደደው ጣት የማያስገባ ያህል ነው፣ ትንሽ። ስፈታው ግሪሱ አፈርና ውሃ ጠጥቶ ቡናማ ሆኗል። በሁለት ጣቴ ሳሸው ይከረክራል፣ ልክ አሸዋ ያለበት ጤፍ። እሱ ነው ብረቱን ሲፈጭ የከረመው።

ላስቲክ ስትቀይሩ አሮጌውን ግሪስ ሙልጭ አድርጋችሁ አውጡ፣ እጠቡ፣ አድርቁ። የምትሞሉት ሞሊብዲነም ያለበትን ጥቁሩን ግሪስ ነው፣ ከላስቲኩ ጋር በከረጢት የሚመጣውን። የኩሽኔታ ቢጫ ግሪስ አትሙሉበት። አየሩን አስወጥታችሁ ፋሼታውን፣ የላስቲኩን ማሰሪያ፣ አጥብቁ። በሽቦ አትሰሩ፣ ሽቦ ላስቲክ ይቆርጣል። ሻፍቱ ወጥቶ እያለ መኪናውን በጎማው አታቁሙት፣ ኩሽኔታው ይጎዳል። የሻፍቱን ዳዶ ደግሞ አዲስ አድርጉ።

ሀይቅ ዳር፦ እኔ በካላማዳሪያ ጠቅልዬ አስሬው ስድስት ወር ነዳሁ።

መልስ፦ አላህ ጠብቆሃል፣ ካላማዳሪያው አይደለም።

ሀይቅ ዳር፦ ስድስት ወር ግን ስድስት ወር ነው።

የመርሳው፦ ወንድሜ፣ ባለፈው ሳምንት እኮ ጆይንት ስትፈልግ አብሬህ ዞሬያለሁ። 😂

አንድ ልጅ፦ መኪናዬ ይንኳኳል ምንድነው?

መልስ፦ መቼ? ከየት? ምን መኪና? እኔ ጠንቋይ አይደለሁም።

ከኮምቦልቻ፦ ጋሼ ሌላም አለኝ። ሐረጎን ስወጣ ነዳጅ ስሰጣት ትንቀጠቀጣለች። እግሬን ሳነሳ ይተዋታል።

መልስ፦ ይሄ የውስጡን ያስጠረጥራል፣ ካምቢዮው ጋ ያለውን። ብዙ ትንንሽ መኪኖች ላይ እሱ በኳስ ፋንታ ሦስት ሮለር ነው ያለው። ሲበላ በመታጠፊያ አይጮህም፣ በጉልበት ጊዜ ነው የሚያንቀጠቅጠው። የሞተሩን መቀመጫ ጎማም አብረህ አስፈትሽ፣ እሱም እንዲሁ ያደርጋል። ሻፍቱ ሲወጣ የካምቢዮ ዘይት ይፈሳልና ሳትሞላ እንዳትነሳ።

የመርሳው፦ ሐረጎ ነው እኮ የኮምቦልቻን መኪና የሚጨርሰው።

የፒያሳ ልጅ፦ ሐረጎ አስፋልት ነው አቦ! የደሴ ኮብል ነው የሚጨርሰው። ዳገት ላይ መሪ ጠምዝዞ ነዳጅ መርገጥ።

ከኮምቦልቻ፦ የደሴ ሰው መንዳት ስለማይችል ነው።

የፒያሳ ልጅ፦ ጠፍጣፋ ላይ የሚነዳ ሰው ደግሞ መንዳት ቻልኩ ይላል?

መልስ፦ ተው እንጂ! የፒያሳው ትክክል ነው። ጆይንቱን የሚጎዳው ማዕዘንና ጉልበት ሲገናኙ ነው። መሪው ጥግ ደርሶ ነዳጅ አትርገጡ። አሁን ወደ ጥያቄያችን።

የዶልፊን ሹፌር፦ እኔም ማርሽ ሳስገባ ከስር «ጓ» ይላል። ሲቪ ጆይንት ነው?

መልስ፦ የዶልፊን የፊት እግር አይነዳም፣ ጉልበቱ ወደ ኋላ ነው የሚሄደው። ክሮቸራህን፣ ወደ ኋላ የሚሄደው ሻፍት ላይ ያለውን መገጣጠሚያ፣ አስፈትሽ።

አንድ ልጅ፦ ሲታጠፍ ነው የሚንኳኳው፣ ቪትዝ ነው። ምንድነው?

መልስ፦ የመጀመሪያውን መልስ አንብብ። ሙሉውን።

የፒያሳ ልጅ፦ የግራውን ጆይንት ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ አዛውሮ ድምፁን ያጠፋልኝ መካኒክ አለ። ያዋጣል?

መልስ፦ ሁለቱ ጆይንቶች አንድ ዓይነት በሆኑበት መኪና ይሠራል። ኳሱ የሚገፋው ያልተበላውን ጎን ይሆናል። እኔም በችግር ጊዜ አድርጌዋለሁ። ግን ጆይንቱ አልዳነም፣ ጊዜ ነው የገዛኸው። ከሚገዛህ ሰው ደብቀህ መኪናውን ልትሸጥ ከሆነ ግን እኔን አትጠይቀኝ።

ሀይቅ ዳር፦ ዋጋው ስንት ነው?

መልስ፦ ዋጋ አልናገርም። ዛሬ የነገርኳችሁ ነገ ይለወጥና ከባለ ሱቅ ጋር ታጣሉኛላችሁ።

ከቦሩ ሜዳ፣ ጡረተኛ መምህር፦ ልጄ፣ የኔዋ አውቶማቲክ ናት፣ ስትታጠፍ ትጮኻለች። ነገ ልጄን ለመጠየቅ አዲስ አበባ ልሄድባት ነው። ታደርሰኛለች?

መልስ፦ አባባ፣ እባክዎ በእሷ አይሂዱ። 400 ኪሎ ሜትር ነው፣ ጣርማ በርም አለ። ጆይንቱ ወይም ሻፍቱ ከተበጠሰ ሞተሩ ይጮኻል እንጂ መኪናዋ አትሄድም። ሰው የማያውቀው ደግሞ አለ። የፊት ሻፍት ከተበጠሰ «ፒ» ላይ ማድረግ አይይዛትም። ዳገት ላይ ትንሸራተታለች። ፍሬን ረግጠው፣ የእጅ ፍሬን ስበው፣ ጎማው ስር ድንጋይ አድርገው ነው የሚወርዱት።

ጡረተኛው መምህር፦ እሺ፣ በአውቶቡስ እሄዳለሁ። መኪናዋን ላምጣልህ?

መልስ፦ ሐሙስ ጠዋት ያምጡልኝ። ቀስ ብለው፣ መሪ ሳይጨርሱ።

ባለ ቪትዟ፦ ጋሼ አየሁት! የግራው ቸርኬ ከውስጥ በኩል ጥቁር ነው፣ እጄን አስነካኝ። ስር ገብቼ ፎቶ ላንሳልህ?

መልስ፦ በክሪክ ነው የቆመችው?

ባለ ቪትዟ፦ አዎ።

መልስ፦ ውጪ።