ሊነጋ ሲል ሳልቫቪታ የሚጥለው የጫጩት አምፖል

እህቴ ደብዳቤሽን አነበብኩት። ክረምቱ ሊወጣ ነው ብርዱ ግን አልለቀቀም፣ ጫጩቶቹ ሁለተኛ ሳምንታቸውን ይዘዋል፣ ባለ 250 ዋቱ ቀይ አምፖል ማታ ደህና ያመሽና ሌሊት 11 ሰዓት ገደማ ሳልቫቪታው፣ ኤሌክትሪክ ወደ ምድር ሲያመልጥ መስመሩን የሚቆርጠው ማለቴ ነው፣ ይወርዳል፣ ረፋድ ላይ ስታነሺው ምንም እንዳልተፈጠረ ይበራል። ሶስት አምፖል ቀይረሻል። አምፖሉን ተይው፣ ሰዓቱን ስትነግሪኝ ነው የገባኝ፣ ውሃ ነው።

ዶሮ ሌሊቱን ሙሉ ሲተነፍስ እርጥበት ያወጣል፣ ኩሱም እርጥብ ነው፣ አንቺ ደግሞ ብርድ እንዳይገባ ብለሽ መስኮቱን በላስቲክ ድፍን አድርገሽዋል፣ በላክሽው ፎቶ አይቻለሁ። መውጫ የለውም። ሌሊቱ እየቀዘቀዘ ሲሄድ ያ እንፋሎት ቀዝቃዛ ነገር ባገኘበት ያርፋል፣ ቆርቆሮው ላይ፣ ገመዱ ላይ፣ መጋጠሚያው ላይ። ጠዋት ቆርቆሮውን ከውስጥ ዳሰስ አድርጊው፣ እጅሽ ይረጥባል። የዶሮ ቤት አቧራና አሞኒያ ሲቀላቀልበት ደግሞ ኤሌክትሪክ እንደልቡ ያሳልፋል። አምፖሉ ራሱ 1.1 አምፔር አካባቢ ነው የሚስበው፣ ሳልቫቪታው ግን 30 ሚሊ አምፔር እንኳን ካመለጠ ይወርዳል፣ ስለዚህ መጋጠሚያው ትንሽ ላብ ቢያወጣ በቂው ነው። ፀሐይ ስትወጣ ይደርቃል፣ አንቺም አምፖል ልትገዢ ትሄጃለሽ።

ሳልቫቪታውን ዘልዬ ቀጥታ ልስጥሽ ያለሽን ሰውዬ ሁለተኛ ግቢሽ እንዳታስገቢው። ያንን ናስትሮ የተጠቀለለበትን መጋጠሚያም እሱ ነው አይደል የሰራው?

ስፒናውን ንቀይና መጋጠሚያውን ቆርጠሽ ጣዪው፣ ምድር ሽቦ ያለው አንድ ወጥ ገመድ ዘርጊ። የግድ መቀጠል ካለበት ከዶሮ ቤቱ ውጪ፣ ውሃ በማያስገባ ስካቶላ፣ የገመድ ማገናኛ ሳጥን፣ ውስጥ ይሁን። አምፖሉ የሚገባበት ፖርታላምፓው ፕላስቲክ ነው፣ ጠርዙ ቡናማ ሆኗል፣ ለ250 ዋት ይሄን የሚሸጥ ሰው ምን ይባላል እኔንጃ፣ ሴራሚክ አድርጊበት። የማይሰበር እያሉ የሚሸጡትን ቴፍሎን የተቀባ አምፖል ግን እንዳትነኪው፣ ሲግል የሚወጣው ጋዝ ዶሮ ይገድላል። ላስቲኩን ደግሞ ከላይ፣ ከዶሮዎቹ ራስ በላይ ክፈችው፣ ንፋሱ እነሱን ሳይመታ እርጥበቱ ይወጣል።

አምፖሉን በራሱ ገመድ አታንጠልጥዪው። በሰንሰለት፣ ከጉዝጓዙ ቢያንስ 50 ሳንቲ ከፍ ብሎ። ሙቀቱን በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል ስለምትቀንሺ ሰንሰለቱን ጥቂት ቀለበት እያሳጠርሽ ትሄጃለሽ፣ በገመድ ይሄ አይሆንም፣ ቋጠሮው አንድ ሌሊት ከተፈታ ሰጋቱራው ላይ ነው የሚያርፈው። ስለዚህ በገመድ አይሆንም፣ ደግሜ ነው የምልሽ።

ይሄ ሁሉ ሆኖ አሁንም ከወረደ አንድ ሌሊት ስፒናውን ነቅለሽ እደሪና ሞክሪው፣ ያኔም ከወረደ ችግሩ ከቤት የሚመጣው መስመር ላይ ነው። ጫጩቶቹን ግን ለዚያች ሌሊት ቤት አስገቢያቸው።