ስኩባና ካሜራ፦ የሀዋሳ ልጆች ጥያቄና የእኔ መልስ

ጅቡቲ ወርደው በስኩባ፣ ማለትም የአየር ታንክ ተሸክመው፣ ባሕር ውስጥ ለመጥለቅ ያሰቡ ልጆች ጥያቄ ሲያበዙብኝ «በሉ ሁሉንም ባንዴ አምጡት» አልኳቸው። የመጣው ይኸው። አብዛኛው ስለ ካሜራ ነው። እኔ ግን ደጋግሜ ወደ ትንፋሽ እመለሳለሁ፣ አትቀየሙኝ።

ጥያቄ (የሰርግ ፎቶግራፈር፣ ፒያሳ)፦ ኮርሱን ጨርሻለሁ። ባዶ እጄን ስጠልቅ ደህና ነኝ። ካሜራ ስይዝ ግን ሽቅብ ቁልቁል ነው። ምን ነካኝ?

መልስ፦ ሙያህ ነው የነካህ። የብስ ላይ ቁልፉን ልትጫን ስትል እጅህ እንዳይንቀጠቀጥ ትንፋሽህን ትይዛለህ። ያን ልማድ ይዘኸው ውሃ ገብተሃል። አየር ስበህ ስትይዝ ሳንባህ ይነፋል። ግማሽ ሊትር ተጨማሪ አየር ግማሽ ኪሎ ያህል ወደ ላይ ይገፋሃል። ከፍ ስትል ትደነግጥና ጃኬቱን (በቁልፍ አየር የሚሞላና የሚለቅ የጠላቂ ጃኬት ነው) ታስተነፍሳለህ። ትወርዳለህ። መልሰህ ትነፋለህ። እስከዚያ ዓሣው የለም።

ፎቶው ቢበላሽ ችግር የለም። ትንፋሽህን ይዘህ ጥቂት ሜትር ከፍ ማለትህ ነው የሚያስፈራው። ሳንባህ ውስጥ ያለው አየር ይሰፋል፣ ሳንባህን ሊቀደው ይችላል። ስለዚህ አየሩን ቀስ አድርገህ እያስወጣህ ተጫን። ያኔ ሰውነትህም ይረጋጋል። የጃኬቱን ቁልፍ ለትልቁ ለውጥ ብቻ ተጠቀምበት፣ ትንሹን ለሳንባህ ተወው። ደግሞ ታገስ። አየር ስበህ ሰውነትህ እስኪነሳ ሁለት ሦስት ሰከንድ ያልፋል፣ ልክ እንደ አሮጌ ባጃጅ፣ ነዳጅ ሰጥተኸው ቆይቶ ነው የሚነሳው። ጀማሪ ይህን ሳይጠብቅ ቁልፍ ላይ ይረባረባል።

አንድ ምክር ልጨምር። መጀመሪያ ካሜራውን ጀልባ ላይ ተወው። አሸዋው ሳይነካህ፣ እጅህን ሳታወናጭፍ አንድ ቦታ ላይ አግድም መቆም ስትችል ያዘው።

ጥያቄ (ከአቶቴ)፦ ሆቴል ገንዳ ውስጥ በ4 ኪሎ የማስመጫ እርሳስ ሳልሰምጥም ሳልንሳፈፍም ልክ ሆንኩ። ለባሕር ይበቃኛል?

መልስ፦ አይበቃሽም እህቴ። ጨዋማ ውሃ ከገንዳ ውሃ በ2.5 በመቶ ገደማ ይከብዳል፣ ስለዚህ የበለጠ ይገፋሻል። ከነሙሉ ዕቃሽ 80 ኪሎ ከሆንሽ 2 ኪሎ ያህል ትጨምሪያለሽ። ገንዳው ውስጥ ዌትሱት (ሙቀት የሚጠብቀውን የጎማ ልብስ) ካልለበስሽ ደግሞ ሒሳቡ እንደገና ይሠራል፣ ዌትሱቱ ራሱ ይንሳፈፋልና።

ባሕሩ ላይ እንዲህ ፈትሺ። ሬጉሌተሩን (ከታንኩ አየር የሚሰጥሽን የአፍ መሣሪያ) ጎርሰሽ ጃኬቱን ጨርሰሽ አስተንፍሺ። እንደወትሮሽ አየር ስበሽ፣ ይዘሽው ሳትንቀሳቀሺ ቁሚ። ውሃው ዓይንሽ ላይ መድረስ አለበት። ስታስወጪ ቀስ ብለሽ ትሰምጫለሽ። ታንኩ ሙሉ ሆኖ ከፈተሽሽ ወደ 2 ኪሎ ጨምሪበት። ታንክ ውስጥ ያለው አየር ክብደት አለው፣ እያለቀ ሲሄድ ታንኩ ይቀላል። ያን ካላሰብሽ መጨረሻ ላይ፣ ከመውጣትሽ በፊት ለደኅንነት 5 ሜትር ላይ ለ3 ደቂቃ መቆም ያቅትሻል።

ብቻ «እርሳስ ይብዛላት» የሚል ሰው ካጋጠመሽ እሺ አትበዪ። እርሳስ የበዛበት ሰው ለማካካስ ጃኬቱን በአየር ይሞላል። ያ አየር ከ10 ሜትር እስከ ላይ ሲመጣ እጥፍ ይሆናል። ሰውየው እንደ ቡሽ ተፈናጥሮ የሚወጣው ያኔ ነው።

ጥያቄ (ከፍቅር ሐይቅ)፦ ጅቡቲ ድረስ ምን አስኬደን? ሐይቃችን ውስጥ አንጠልቅም?

መልስ፦ አልመክርም። ጉማሬ አለ፣ የአጥማጆች መረብ አለ፣ ውሃው ድፍርስ ነው፣ ቢልሃርዚያም ያሰጋል። ከዚያም በላይ ከባሕር ጠለል 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ነን። በምን ጥልቀት ስንት ደቂቃ መቆየት እንደሚቻል የሚነግረው ለባሕር የተሠራ ሠንጠረዥ እዚህ እንዳለ አይሠራም። አሞራ ገደል ሄዳችሁ ዓሣ ብሉ።

ጥያቄ (ከመናኸሪያ)፦ ካሜራውን የት ልሰረው? እጄ ላይ?

መልስ፦ እጅህ አንጓ ላይ ብቻ አትሰረው። ማስክህ ውሃ ሲያስገባ ወይም ጓደኛህ አየር ሲያልቅበት ሁለቱም እጆችህ ያስፈልጉሃል። የሚለጠጥና የሚሰበሰብ ጥምዝ ገመድ ግዛ። አንዱን ጫፍ ካሜራው ላይ፣ ሌላውን ጃኬትህ ደረት ላይ ካለው የብረት ቀለበት ጋር አያይዝ። መንጠቆው ሳታየው በአንድ እጅ የሚከፈት ይሁን። የብስ ላይ ዓይንህን ጨፍነህ ሞክረው፤ ካልተከፈተልህ ቀይረው። ሬጉሌተርህ ቱቦ ላይ ደግሞ ምንም አታስር። ገመዱን አሳጥረው፣ ረዝሞ የሚንጠለጠል ካሜራ ኮራል ይሰብራል።

ካሜራ ይዘህ ከጀልባ አትዝለል። አንተ ግባ፣ ከላይ ያለው ሰው ያቀብልህ። ስትወጣም መጀመሪያ ካሜራውን ስጠው፣ ከዚያ መሰላሉን ያዝ።

ጥያቄ (ስም አልጻፈም)፦ የሚንሳፈፈው ብርቱካናማ የካሜራ እጀታ ጥሩ ነው?

መልስ፦ ላይ ላዩን ለመዋኘት ግሩም ነው። ታች ግን እጅህን ሽቅብ ሲጎትት ይውላል። ከለቀቅከው ደግሞ ብቻውን ይወጣል። ተከትለኸው እንዳትሮጥ! በደቂቃ ከ9 ሜትር በላይ አትውጣ፤ ካሜራው ውሃው ላይ ተንሳፎ ይጠብቅህ። ወደ ታች ለሚሰምጥ ካሜራም መልሱ ያው ነው። ከተፈቀደልህ ጥልቀት በታች ከወረደ ሄዷል፣ ተወው።

ጥያቄ (ከዳቶ)፦ ጎፕሮ (ትንሿ የስፖርት ካሜራ) ያለ ሀውሲንግ (ውሃ የማያስገባ የካሜራ ሳጥን) ይጠልቃል?

መልስ፦ አብዛኞቹ የቅርብ ዓመታቱ እስከ 10 ሜትር ይላሉ። ለስኩባ 60 ሜትር የሚችለውን ሀውሲንግ ግዛለት። ዋጋው ከካሜራው ጋር ሲተያይ ምንም አይደል።

ጥያቄ (ከታቦር)፦ ሀውሲንጉ ውሃ እንዳያስገባ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ሁሉም ነገር ኦሪንጉ ላይ ነው፣ በሩ ዙሪያ ያለችው ቀጭን የጎማ ቀለበት። አንዲት ፀጉር ወይም አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ከተቀመጠችበት ውሃ ይገባል። በጥፍር ወይም በቢላ አታውጪው፣ ከጎን ገፋ አድርገሽ በጣትሽ አንሺው። በጣቶችሽ መሃል ቀስ እያልሽ አሳልፊው፣ ቆሻሻ ካለ ይሰማሻል። የአምራቹን ቅባት በስሱ ቀቢው፣ እስኪያብረቀርቅ ያህል ብቻ። ቅባት ሲበዛ አቧራ ይሰበስባል። ማታ ፀጥ ባለ ክፍል ውስጥ ዝጊው፣ ጠዋት ጀልባ ላይ አይደለም። መጀመሪያ ካሜራውን ሳታስገቢ ሀውሲንጉን ብቻ ውሃ በሞላ ባልዲ ውስጥ ድፈቂው። ዕንቁ የሚያህል አረፋ በተከታታይ ከወጣ ያስገባል ማለት ነው።

ጥያቄ (ከሐይቅ ዳር)፦ እሑድ ጠልቄ ሰኞ ጠዋት ወደ አዲስ አበባ ብበርስ?

መልስ፦ አንድ ጊዜ ብቻ ከጠለቅክ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግመህ ከጠለቅክ ቢያንስ 18 ሰዓት ጠብቅ። እኔ ሙሉ ቀን ነው የምለው። ብዙዎች «በመኪና ከሄድኩ ችግር የለውም» ይላሉ። ስህተት ነው። የአውሮፕላን ውስጥ ግፊት ቢበዛ 2,400 ሜትር ተራራ ላይ እንዳለው ነው፣ አዲስ አበባም እዚያው ገደማ ናት። በአፋር በኩል በመኪና ሽቅብ ስትወጣም ስትጠልቅ ደምህ ውስጥ ገብቶ የቀረው ናይትሮጅን ያው አረፋ ሊሠራ ይችላል። የመጨረሻውን ቀን ባሕር ዳር ቁጭ ብለህ ዓሣ ብላበት።

ጥያቄ (ያው የሰርግ ፎቶግራፈር)፦ ፎቶዎቼ ላይ በረዶ የዘነበ ይመስላል፣ ቀለሙም ሰማያዊ ብቻ ነው።

መልስ፦ በረዶው ውሃው ላይ የተንሳፈፈ ብናኝ ነው፣ ፍላሽህ አብርቶት። ፍላሹ ከካሜራው ጋር የተያያዘ ከሆነ አጥፋው፣ የሚነጠል ከሆነ ወደ ጎን አርቀው። ቀዩ ቀለም በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሜትሮች ውስጥ ይጠፋል። ስለዚህ ዙም አታድርግ፣ ክንድህ እስኪደርስ ቅረብ። በአንተና በዓሣው መሃል ያለው ውሃ ሲያንስ ብናኙም ሰማያዊውም አብረው ይቀንሳሉ።