ባዶ መኪና ይዛችሁ ጣርማበርን ለምትወጡ

ልጆቼ፣ ክረምት ገብቷል። ዕድሜዬን የጨረስኩት በደሴ መንገድ ላይ ነውና ስለ አንድ ነገር ልምከራችሁ።

ጭነት ሲኖራችሁ ትጠነቀቃላችሁ፤ አይቻለሁ። በዝቅተኛ ማርሽ ትወርዳላችሁ፣ ርቀታችሁን ትጠብቃላችሁ። ችግሩ ሸዋሮቢት ወይም ከሚሴ አራግፋችሁ ስትመለሱ ነው። መኪናው ሲቀል ልብም አብሮ ይቀላል። "ባዶ ነኝ" ብላችሁ ነዳጁን ትረግጡታላችሁ። እኔ ግን በዝናብ የምፈራው ባዶውን ነው።

ሞተሩና ጋቢናው ያሉት ፊት ነው። መኪናውን የሚገፋው የኋላ ጎማ ነው። ጎማ ደግሞ አስፋልት የሚይዘው በላዩ ባረፈው ክብደት ልክ ነው። ሲኖትራኩ ሲጫን አብዛኛው ክብደት ኋላ ላይ ያርፋል። ሲራገፍ ያ ሁሉ ይነሳል፤ 371 የፈረስ ጉልበቱ ግን አብሮ አልተራገፈም። በዝቅተኛ ማርሽ ያ ጉልበት በካምቢዮና በዲፈረንሻል ብዙ እጥፍ ሆኖ ነው ጎማው ጋ የሚደርሰው። እርጥብ አስፋልት ይህን አይችልም። ጎማው ባለበት ይሽከረከራል። ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ከሆነ ምንም ላይሆን ይችላል። ኩርባ ላይ ግን የሚሽከረከር ጎማ ወደ ጎንም መያዝ ያቆማል፤ ኋላው ወደ ውጭ ያመልጣል። በዚያ በኩል ያለውን ገደል ታውቁታላችሁ።

ስለዚህ ከደብረ ሲና ጣሊያን በወረራው ዘመን ወደ ቆፈረው የጣርማበር ዋሻ ስትወጡ፣ ኩርባ መሃል ማርሽ አትቀይሩ። የሚያወጣችሁን ማርሽ ቀድማችሁ ያዙ። ነዳጁን እኩል ስጡት፣ መሪው ቀጥ ሲል ብቻ ጨምሩ። ሞተሩ እስካልታፈነ ድረስ ባዶ መኪና ከፍ ባለ ማርሽ ቢወጣ ይሻላል። ጉም ሲኖር ደግሞ ፍጥነታችሁን ከዚህም ቀነስ አድርጉ።

ፍሬን ሞተርን፣ ማለትም መኪናውን በሞተሩ የሚይዘውን ፍሬን፣ ለይቼ ላንሳው፣ ብዙዎቻችሁ አታስተውሉትምና። ተጭናችሁ ስትወርዱ ነፍስ አዳኝ ነው፤ ያለሱ የእግር ፍሬኑ ግሎ እምቢ ይላል። ባዶ ሆናችሁ በእርጥብ ኩርባ ላይ ግን ያው ነገር ሊጥላችሁ ይችላል። የሚይዘው የኋላ ጎማን ብቻ ነው፤ የቀለለውን ጎማ በድንገት ሲይዘው ጎማው መንሸራተት ይጀምራል። ማርሽ በድንገት ስትቀንሱም እንደዚሁ ነው። ፍጥነታችሁን ኩርባው ሳይደርስ ቀጥታው ላይ ጨርሳችሁ ቀንሱ።

ከዶፉ ይልቅ ደግሞ ካፊያውን ጠርጥሩ። ከደረቅ ወራት በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ፣ አስፋልቱ ላይ የተከማቸው ዘይትና አቧራ ከውሃው ጋር ይላቆጣል። ዝናቡ በርትቶ እስኪያጥበው ድረስ መንገዱ እንደ ሳሙና ነው።

እንዲያም ሆኖ ኋላው ካመለጠ፣ እግራችሁ ወደ ፍሬን ይሮጣል። ከልክሉት። ነዳጁን ልቀቁ፣ ፍሬን ሞተር ከያዛችሁ አጥፉት፣ ፍሪሲዮኑን ርገጡ። መሪውን ኋላው ወደሄደበት አቅጣጫ አዙሩ። ወደ ቀኝ ከወጣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ከወጣ ወደ ግራ። ዓይናችሁ ገደሉ ላይ ሳይሆን መድረስ በምትፈልጉበት መንገድ ላይ ይሁን። መኪናው መመለስ ሲጀምር መሪውን ቶሎ አቅኑት፤ ከዘገያችሁ በሌላው በኩል ይዞራል፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይብሳል። ተሳቢ ለምትጎትቱ ግን ማስተካከያ ጊዜው በጣም አጭር ነው፤ ፊተኛው ከታጠፈ ተሳቢው ይገፋዋል፣ መሪም አይመልሰውም። ለእናንተ ያለው መፍትሔ ቀድሞ መቀነስ ብቻ ነው።

የመጨረሻው የጎማ ነገር ነው። ደህናውን ጎማ ፊት አስሮ ያለቀውን ኋላ ማድረግ የተለመደ ነው። ፊት ደህና መሆኑ ልክ ነው። ኋላ ያለው ግን ጥርሱ ካለቀ ውሃውን ከሥሩ አያወጣም። በክረምት በተላጠ ጎማ ጣርማበርን አትሻገሩ። ደብረ ብርሃን ጎሚስታ ሞልቷል፤ እዚያው ቁሙና ባለንብረቱ ጋ ደውሉ። ይቆጣል፣ ሌላ ሾፌር አመጣለሁም ይላል። ያምጣ። እናንተ ቁልፉን አስረክባችሁ ውረዱ።